እስከ ቀትር የሚቆይ በረዶ

ላንድኳርት ላይ ባቡር ይቀየራል። ከዙሪክ ይዞን የመጣው ትልቁ ባቡር ወደ ኩር ሲያመራ፣ እኛ ሻንጣና ስኪ እያንጓተትን ማዶ ወደቆመው ቀይና ጠባብ ባቡር ተሻገርን። የሐዲዱ ጥበት ለዓይኔ እንግዳ አልሆነም። እዚህ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲዳችንም ልኩ ይኸው ነበር። ይህ የተራራ መስመር ዳቮስ የደረሰው በ1890 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በማርች 1894፣ ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ የመሥራቱን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኢልግ የስዊስ ሰው፣ ዙሪክ ተምሮ የወጣ መሐንዲስ ነበር። ይህን ወር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እህቴ ዙሪክ ከከተመች ቆይታለች። የልጇ ትምህርት ቤት ለፋሲካ ሲዘጋ ቤተሰቡ ተራራ መውጣቱን ልማድ አድርጎታል፤ በዚህኛው ዓመት እኔም ከአዲስ አበባ ልጠይቃቸው መጥቼ ስለነበር ተከተልኳቸው። የእነሱ ትንሣኤ የዋለው በእኛ ሆሣዕና ነው። አገሬው እንቁላል ቀለም ሲቀባ፣ የሱቁ መስኮት ሁሉ በቸኮሌት ጥንቸል ሲሞላ፣ እኔና እህቴ ገና ሁዳዴን እንገፋለን። ልጁ ግን የሁለቱንም አገር ፋሲካ ይበላል፤ ጾሙን ለእኛ ትቶልናል።

ባቡሩ ከላንድኳርት ሲነሳ ከባሕር ጠለል በላይ 520 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚያ ሜዳው ለምልሟል፤ ገበሬው በትራክተር ፍግ ይበትናል፣ ሽታው በመስኮት ይገባል። መንገዱ እየጠመዘዘ ሽቅብ ሲል ጥዱ ይበዛል፤ ከጥዱ ጥላ ሥር በረዶ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ይጀምራል። ዳቮስ ያለችው 1,560 ሜትር ላይ ነው። ቁጥሩን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ አዳማ እንኳ ትበልጣታለች። ስኪ የሚነሱበት የቫይስፍሉዮክ ጣቢያ ደግሞ 2,662 ሜትር ነው፤ ከአራት ኪሎ ከፍ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ማለት ነው። እኛ ባቄላና ገብስ በምንዘራበት ከፍታ እነዚህ ሰዎች የዓመቱን ግማሽ በረዶ ላይ ቆመው ያሳልፋሉ። ደጋን በሜትር ብቻ መለካት የለመደ ሰው እዚህ ሲደርስ ከምድር ወገብ መራቅንም መደመር አለበት።

ኪብሊስ በምትባል ትንሽ ጣቢያ የእህቴ ልጅ በክርኑ ነካ አደረገኝና «አጎቴ፣ ስኪው የሚያልቀው እኮ እዚህ ነው» አለኝ። በመስኮት የሚታየው ሣር፣ የፖም ዛፍና ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነው። መንደሪቱ 800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከቫይስፍሉ ጫፍ ተነስቶ እስከዚህ የሚወርደው ቁልቁለት 12 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከላይ እስከ ታች 2,000 ሜትር ይወርዳል። በ1924 የተጀመረው የፓርሰን ደርቢ ውድድር ማብቂያው እዚችው መንደር ነበር። ዛሬም በረዶ የጠገበ ክረምት ሲመጣ ሰው ይወርደዋል። በፋሲካ ሰሞን ግን ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ያለው ዕጣ ስኪን በትከሻ ተሸክሞ ሣር ለሣር መራመድ ነው። የስኪ ጫማ ደግሞ ቁርጭምጭሚት አያሳጥፍም፤ ሰውየው ከሩቅ ሲታይ ወታደራዊ ሰልፍ የጀመረ ይመስላል።

ስዊዘርላንድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣው ሰዓት ነው። ባቡሩ በደቂቃው ይነሳል፣ አውቶቡሱ ባቡሩን ጠብቆ ይንቀሳቀሳል፣ ዳቦ ቤቱ እንኳ በሩ ላይ የጻፈውን ሰዓት አያዛንፍም። በረዶውም በዚሁ ሥርዓት የሚገኝ ነገር መስሎ ይሰማል፤ ሳምንቱ ሙሉውን ተከፍሎበታላ! ክፍሉ፣ ወደ ተራራው የሚያወጣው የሊፍት ትኬት፣ የስኪው ኪራይ፣ የመምህሩ አበል ሁሉም አስቀድሞ ተከፍሏል። ትኬቱን ቀደም ብሎ ለገዛ ዋጋው ይቀንስለታል፤ ዝናብ ዘነበ ብሎ ብሩን የሚመልስለት ግን የለም። ዳቮስ ስንወርድ ከጣቢያው ሰዓት ቀጥሎ ዓይኔ የገባው በመኪና ማቆሚያው ጥግ የተቆለለ፣ ጥቁርና ጠጠራም የበረዶ ክምር ነበር። ውሃው ከሥሩ እየተንዠቀዠቀ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ቀልድ የማያጡ ሴት ናቸው። እህቴ ስለ በረዶው ስትጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁና የ2025ን ወሬ አመጡ። በዚያ ዓመት የምሥራቁም የምዕራቡም ፋሲካ በአንድ እሑድ ውሏል። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት በቫሊስ ክልል፣ ያ ሁሉ ሰው ክረምቱ አለቀ ባለበት ሰዓት፣ ከባድ በረዶ ወርዶ ዜርማት በመኪናም በባቡርም የማትደረስ ሆነች፤ መብራትም ጠፋ። ለበረዶ ብሎ የሄደውን እንግዳ በረዶው አገተው። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በ2023 መግቢያ፣ ገና በክረምቱ መሀል ሙቀቱ ከፍ ብሎ ዝቅተኞቹ ቁልቁለቶች አረንጓዴ ሆነው ነበር፤ አደልቦደን ላይ የዓለም ዋንጫ ውድድር የተካሄደው ግራና ቀኙ ሣር በሆነ፣ በመሣሪያ በተሠራ ነጭ መስመር ላይ ነው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ የሚያወሩት እንደ ጎረቤት ሐሜት ነው። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ቡና ቀዱልኝ።

እኔን የገረመኝ የቀን መቁጠሪያው ነገር ነው። የምዕራቡ ፋሲካ ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። የትምህርት ቤቱ ዕረፍት፣ የሆቴሉ ዋጋና የሊፍቱ መዝጊያ ብዙውን ጊዜ ይህን በዓል ተከትለው ይንሸራሸራሉ። እንግዲህ በፈረንጁ ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ ሲቀድም ሰው ጠጣር በረዶ ያገኛል፤ ሲዘገይ ውሃ የቋጠረ ይደርሰዋል። ጨረቃን ቆጥረው በዓሉን የደነገጉት አባቶች ስለ ስኪ አላሰቡም። ነጋዴው ግን የሚሸጠውን ሳምንት በእነሱ ስሌት ላይ ሰቅሎታል፤ እቃው ይኑር አይኑር የሚታወቀው በዋዜማው ነው።

በነጋታው በማለዳ በገመድ በሚጎተተው ባቡር ስኪ ወደሚኬድበት ወደ ፓርሰን ወጣን። መነሻው ላይ የሊፍቶቹንና የቁልቁለቶቹን ስም የዘረዘረ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ክፍት የሆነው አረንጓዴ፣ የተዘጋው ቀይ መብራት በርቶበታል። ሰሌዳው ላይ ወደ ሸለቆው የሚወርዱት በሙሉ ቀይ ናቸው፤ ላይ ላዩ አረንጓዴ ነው። ወደ ላይ ደርሰን ስኪ ያጠለቁ ልጆች ሊሮጡ ሲሉ ግን መምህራቸው፣ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ፣ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። የእጅ በትሩን በረዶው ላይ ተከለ። በትሩ አልገባም፤ ነጥሮ ተመለሰ። ከዚያ ሁላችንንም ወደ በረንዳው ወስዶ አስቀመጠን። «ገና ነው» አለ። ገንዘብ ከፍለን፣ ተራራ ወጥተን፣ ስኪ አጥልቀን ተቀምጠን ፀሐይ መጠበቅ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጸደይ የቀኑ ፀሐይ የበረዶውን ፊት ያቀልጠዋል። ሌሊቱ ጥርት ያለ እንደሆነ በረዶው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ፊቱ ይረጋና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ደመና ካለበት ግን ሙቀቱ ማምለጫ ያጣል፤ በረዶው ሳይረጋ፣ እንደራሰ ያነጋል። ይህ ማቅለጥና መርጋት በተደጋገመ ቁጥር ቅንጣቱ እየተለቀ፣ እየተድቦለቦለ ይሄዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የበረዶው ፊት ድቡሽቡሽ ቅንጣቱ ተጣብቆ የበረደ ቅርፊት ነው፤ የወደቀበትን ቆዳ ይገፋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም የላይኛው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይላላል። ይኼኔ ነው አገሬው «ፊርን» ብሎ የሚጠራው የጸደይ በረዶ የሚገኘው። ሰዎቹ የዓመቱን ሁሉ ምርጥ በረዶ ይህንን ነው የሚሉት፤ የክረምቱን ብናኝ የሚያስንቅ። ቀትር ሲሆን ያበቃል።

ሽማግሌው ሰዓቱን አላየም፤ የሚያየው ተረተሩን ነው። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረውን ፊት፣ ከዚያ የደቡቡን፣ መጨረሻ ላይ የምዕራቡን እያስከተለ ልጆቹን በፀሐይዋ መንገድ አዞራቸው። እኔ በሊፍቱ ወንበር እየወጣሁና እየወረድኩ ከላይ አየኋቸው። በየቁልቁለቱ የሚቆየው ጥቂት ነው፤ ጥሩው ከመበላሸቱ በፊት ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ በረዶው እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው ወይ ቀድሞ ይደርሳል ወይ ይዘገያል። በአጠገባችን ዘግይተው የተነሱ፣ ቁርሳቸውን ረጋ ብለው የበሉ እንግዶች ወደ ላይ ሲወጡ የእኛዎቹ እየጨረሱ ነበር። ትኬቱ የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው።

ከ6 ሰዓት በኋላ የሚሆነውን በእግሬ አይቻለሁ። ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብዬ ፎቶ ላነሳ ስል በረዶው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እንደዚያ ተተክዬ ሳለሁ የመጣልኝ የአዱሊስ ጽሑፍ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ በድንጋይ ዙፋን ተቀርጾ ያገኘውን ገልብጦ አስቀርቶልናል። ስሙ ያልታወቀው የአክሱም ንጉሥ ድሎቹን ሲዘረዝር የሰሜንን ተራሮች ያነሣል፤ ብርዱንና ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጠውን በረዶ ጭምር። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ጫፉ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገፈፋል። ንጉሡ በረዶውን የጠቀሰው እንደ ጠላት ምሽግ፣ ለድሉ ማሳመሪያ ነው። ለመዝናናት ተብሎ እስከ ጉልበት መስመጥን ማንም ንጉሥ ድንጋይ ላይ አያስቀርጸውም።

ምግብ ቤቱ ከጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው ነው። የአገሩን የገብስ ሾርባ አዘዝኩ፤ ገብስ ጾም አያስገድፍም ብዬ። ማንኪያውን ሳነሣ ሳህን ልትሰበስብ የወጣች ወጣት አጠገቤ ቆም አለች። «ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል? ጾመኛ ከሆኑ ይሄን አይንኩት፤ የደረቀ ሥጋ አለበት» አለችኝ። «ተባረኪ የኔ ልጅ» ብዬ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሾርባውን ወስዳ በዘይት የተጠበሰ ድንች ይዛልኝ መጣች፤ ቅቤ እንዳይነካው ምጣዱን ራሷ እንዳጠበችው ነገረችኝ።

የዕረፍት ሰዓቷ ሲደርስ ሻይዋን ይዛ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። የወሎ ልጅ ናት፤ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ውሏ ሊፍቱ እስኪዘጋ ነው፤ ከዚያ በጋው የቱሪስት ወቅት እስኪገባ ሥራ ፈት መቀመጥ ይመጣል። ክፍያዋ በሰዓት ስለሆነ ሰው ያልወጣበት ቀን አይቆጠርላትም። «ማታ ማታ ወጥቼ ሰማይ አያለሁ» አለች። «ኮከብ ካለ በረዶው ይረጋል፣ ሰው ይወጣል፣ ሥራ አለ። ደመና ከሆነ አለቃዬ በጠዋት ይደውልና ዛሬ ቅሪ ይለኛል።» ይህን ማን አስተማረሽ አልኳት። ማንም አላስተማራትም። «አባባ ደላንታ ላይ በልግ ጠባቂ ነው። ስደውልለት እሱ ስለ ዝናብ ያወራኛል፣ እኔ ስለ በረዶ አወራዋለሁ። እሱ ደመና ሲያይ ደስ ይለዋል፣ እኔ ይከፋኛል።»

በልግ የሚጠበቀው በትክክል በዚሁ ወራት ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት። ደላንታና የደቡብ ወሎ ደጋዎች ብዙው ገብሳቸው በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሲዘገይ እህሉ ሳይደርስ ክረምቱ ይመጣበታል፤ ጀምሮ ሲያቋርጥ ዘሩ ይቀራል። የእረፍት ሳምንቱ የተበላሸበትን እንግዳና በልጉ የከሸፈበትን ገበሬ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው፤ አንዱ ፎቶ ያጣል፣ ሌላው ቀለብ። ልጅቷ ግን ከሁለቱ መካከል ናት። የእንግዳው ሳምንት ሲበላሽ ወደ ደላንታ የሚላከው ብር ይቀንሳል። የተራራውን ኢኮኖሚ የሚተነትኑ ጋዜጦች ስለ ሆቴል ባለቤቶች ኪሳራ ሲጽፉ አያለሁ፤ ምጣድ አጣቢዋን የሚቆጥራት ጥቂቱ ነው።

እኔ ራሴ ስኪ ለመማር የሄድኩት ቦልገን ወደሚባለው፣ ከከተማዋ ግርጌ ወዳለው ትንሽ ሜዳ ነበር። ቦታው ስም ያለው ነው፤ በ1934 መሐንዲሱ ኤርንስት ኮንስታም ሰው በዘንግ እየተገፋ ሽቅብ የሚጎተትበትን ሊፍት የተከለው እዚህ ነው። የሚያሳዝነው ግን ጀማሪ የሚማረው ዝቅ ብሎ፣ ሜዳው ለጥ ባለበት መሆኑ ነው፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ቀድሞ ይቀልጣል። በወቅቱ መጨረሻ በረዶ የሚቀርለት ቀድሞውንም ለሚችለው ነው። ጥሩው ላይ ላዩን ይሄዳል፣ ጀማሪው ጭቃ ላይ ይቀራል። ቦልገን ላይ የቀረውን ነጭ ንጣፍ ዙሪያውን በእግሬ ዞሬ ወደ ቡና ቤት ሄድኩ። ስኪ የመማር ምኞቴ እዚያው አበቃ፤ አልተቆጨሁበትም።

ያ ቀይ ጃኬት ለባሽ ሽማግሌ ሌላ ነገርም አሳይቶናል። የመንገዱን ዳር በአካፋ ቆርጦ የበረዶውን ግድግዳ ገለጠልን። ከነጩ መሀል ጣት የማይሞላ ቡናማ መስመር ይታያል። በጓንቴ ብነካው ደቃቅ አፈር ነው። «ይሄ ከእናንተ ዘንድ የመጣ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የሰሐራ አቧራ ነው፤ የደቡብ ነፋስ ባሕሩን አሻግሮ ያመጣዋል። በፌብሩዋሪ 2021 የአልፕስ ሰማይና በረዶ ብርቱካን መስሎ የዋለው በዚሁ ነው። ጠቆር ያለ በረዶ ፀሐይን ከነጩ የበለጠ ስለሚጠጣ ያ መስመር ፊት ላይ ሲወጣ መቅለጡ ይፈጥናል። ለሽማግሌው መልስ አላጣሁም፤ ለአልጄሪያ በረሃ ከአዲስ አበባ ይልቅ ዳቮስ ቅርብ ናት፤ አቧራው የእሱ ጎረቤት እንጂ የእኔ አይደለም። እህቴ ስትተረጉምለት አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሳቀ ሄደ።

ሰው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከዳቮስ ወጣ ባለው የፍሉዬላ ሸለቆ የክረምቱን በረዶ ከምረው በሳጋቱራ ይሸፍኑታል። አዎ፣ በእኛው ሳጋቱራ፤ ወፍራም አድርገው ከላይ ያለብሱታል። በጋው ሙሉ አልፎበት ብዙው በረዶ ይተርፋል፤ በጥቅምት ገልጠው ያነጥፉትና የሜዳ ስኪ መንገድ ይከፍታሉ። በ2006 ቶሪኖና በ2010 ቫንኩቨር ባንዲራችንን ይዞ የገባው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በዚሁ ስፖርት፣ በ15 ኪሎ ሜትር ነበር። በከፍታው ላይ ደግሞ በረዶ የሚተፉ መድፍ የመሰሉ መሣሪያዎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ አየሩ ቀዝቀዝና ደረቅ ካላለላቸው ውሃ ከመርጨት አያልፉም፤ ሥራቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ቆመው የሚታዩት ለፎቶ ብቻ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የዛሬ ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ የኦሊምፒክን ታሪክ ይይ። በ1928 ሴንት ሞሪትዝ ላይ የበረዶው ሜዳ ቀልጦ የ10,000 ሜትር የበረዶ ላይ መንሸራተት ውድድር ተሰረዘ። በ1964 ኢንስብሩክ በረዶ ጠፍቶ የኦስትሪያ ጦር 20,000 የበረዶ ጡብና 40,000 ሜትር ኪዩብ በረዶ ከተራራ እያጋዘ አመጣ። ተራራው ዱሮም ቃል አይጠብቅም ነበር። ልዩነቱ የአልፕስ አገር ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከ2 ዲግሪ በላይ መሞቁ ነው፤ አልፎ አልፎ የነበረው አሁን የሚጠበቅ ሆኗል፣ የሚያስተማምነው በረዶም ሽቅብ እየሸሸ ነው።

ከዳቮስ ቀጥሎ የሄድንባት አሮሳ ከተራራው ማዶ ናት። ማርች 1894 ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ኢልግ ፈቃዱን በተቀበለበት በዚያው ማርች፣ የሸርሎክ ሆልምስ ፈጣሪ አርተር ኮናን ዶይል ከዳቮስ ወንድማማች ብራንገሮች ጋር 2,440 ሜትር የሚሆነውን ማይንፌልደር ፉርካ በስኪ ተሻግሮ አሮሳ ወረደ። ዳቮስ ያመጣው ሚስቱ የሳምባ ነቀርሳ ታማሚ መሆኗ ነው፤ ከተማዋ ያኔ የበሽተኞች ነበረች። ሰዎቹ የተነሱት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ በሌሊት የረጋው በረዶ ሳይላላባቸው ለመሻገር። አንዱ ገደላማ ቦታ ላይ ስኪያቸውን አስረው እንደ ሸርተቴ ተቀመጡበት፤ ደራሲው ሸርተቴው ሲያመልጠው በሱሪው መቀመጫ ወረደ። ከቀትር በፊት አሮሳ ነበሩ። የዛሬው የጸደይ መምህር የሚያስተምረው ያው የእነሱን ሰዓት ነው። እኛ ተራራውን መሻገር ስላልቻልን በባቡር በኩር በኩል ዞረን ሄድን፤ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

አሮሳ ላይ ዝናብ ተቀበለን። ከመንደሩ በላይ ዝናቡ በረዶ ሆኖ ይወርዳል፤ ድንበሩ ጥድ ላይ ይታያል፣ ከአንድ መስመር በላይ ያሉት ነጭ፣ ከታች ያሉት ጥቁር ናቸው። የእህቴ ልጅ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አጣ። በጠዋቱ አዲሱ በረዶ እርጥብና ከባድ ሆኖ አደረ፤ ደመናው አልገፈፈም፣ የናዳ ማስጠንቀቂያውም ከፍ አለ። ከቁርስ በኋላ ከማዶ ገደል አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ሁሉም ሰው ቀና አለ፤ ቢጫማ ጭቃ የተቀላቀለበት የበረዶ ናዳ ቀስ ብሎ፣ አስፋልት እንደሚፈስ እየተንከባለለ ወርዶ ሸለቆው ላይ ቆመ። የጸደይ ናዳ እንደ ክረምቱ ብናኝ አይበርም፤ ግን ክብደቱ ያገኘውን ጥድ ይዞ ይወርዳል። ልጁ ስኪውን መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፤ ማንም አልገሠጸውም።

የናዳ ነገር ከተነሣ፣ ከቫይስፍሉዮክ ጣቢያ ዝቅ ብሎ በ2,536 ሜትር ላይ የዳቮሱ የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም መለኪያ ሜዳ አለ። እዚያ ከ1936 ጀምሮ የበረዶው ጥልቀት ይመዘገባል። የዚያ መዝገብ ቁጥር ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው፤ ሜዳው ላይ በረዶው ከፍተኛ ጥልቀቱ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ ነው፣ ማለትም ሸለቆው ላይ አበባ ወጥቶ የከተማው ሰው ብስክሌቱን በሚያወጣበት ጊዜ። ተራግፎ የሚያልቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ ነው። ሊፍቶቹ ግን ከፋሲካ ብዙም ሳይቆዩ ይቆማሉ። ላይ በረዶ ሞልቶ ሳለ የሚጠፋው የሚከፍለው ሰው ነው፤ ባዶ ወንበር ማሽከርከር ኪሳራ ስለሆነ መብራቱን ያጠፉታል።

እንግዲህ አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁ ለፋሲካ ተራራ እንሂድ ብለው ከጎተቷችሁ መንደሩን ሳይሆን የሊፍቱን ጫፍ ከፍታ ጠይቁ፤ ከ2,500 በታች ከሆነ ለእግር ጉዞ ተዘጋጁ። የናዳ ተቋሙ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚያወጣውን መግለጫ ሳታነቡ አትተኙ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚታደሰውንም እዩት። ትኬቱን በሳምንት አትግዙ፤ ማታ ኮከብ አይታችሁ በቀን ግዙ፣ ጥቂት ቢወደድም። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ የገብሱን ሾርባ ከማዘዛችሁ በፊት ወጥ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቁ።